ማሽኑን በአደራ፦ የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች ሥልጠና ታሪክ በቂርቆስና በካዛንቺስ

የኮምፒውተር ኔትወርክን መዘርጋትና ማስተዳደር በአዲስ አበባ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ሥር የሰደደው ከዩኒቨርሲቲ የመማሪያ ክፍል ይልቅ ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። የሙያው ማዕከል ሰርቨር የሚባለው ማሽን ነው። ሰርቨር ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት እንዲሰጥ የተመደበ፣ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያደርስ፣ የትኛው ተጠቃሚ ምን ማየትና ምን መለወጥ እንደሚችል የሚወስን፣ በመሆኑም ሌት ተቀን ሳይቋረጥ መሥራት የሚጠበቅበት ኮምፒውተር ነው። የኔትወርክ አስተዳዳሪ የሚባለው ባለሙያ ይህን ማሽን ይተክላል፣ ለተጠቃሚዎች መለያ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ መረጃው እንዳይጠፋ ቅጂ ይይዛል፣ ብልሽት ሲያጋጥምም መንስኤውን ፈልጎ ያስተካክላል። የእነዚህ ባለሙያዎች አሠለጣጠን ባለፉት አራት አሥርት ዓመታት ደጋግሞ ተለውጧል፤ መሣሪያው፣ የመማሪያው መጽሐፍና የምስክር ወረቀቱ ሁሉ ተለውጧል። በዚህ ለውጥ ውስጥ የሥልጠናውን ፍሬ ከሁሉም በላይ የወሰነው ግን አንድ ጉዳይ ነው፤ እሱም ሠልጣኙ ሌሎች ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበትን፣ ቢቆም ሥራ የሚያስፈታ ማሽን እንዲይዝ አደራ የተሰጠው መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያው በዚህ ሰፈር መብቀሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ካዛንቺስ ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብሎ የተቀየሰ ሰፈር ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ግን መልኩን የለወጠው በአጠገቡ የተሠራው ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ ካደረገ በኋላ፣ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመርቆ ለኮሚሽኑ ተሰጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። በ1969 ሒልተን ሆቴል ሲከፈት አካባቢው የዲፕሎማቶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የስብሰባ ሰፈር የመሆኑ ነገር ጸና። እንዲህ ያለ ሰፈር ከሌላው የከተማው ክፍል ቀድሞ ኮምፒውተር ማግኘቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ከውጭ አገር ጋር በየቀኑ የመጻጻፍ ግዴታ ያለበት፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያገኝ፣ የመሣሪያ ማስመጣት ችግሩ የቀለለለት መሥሪያ ቤት የሚገኘው እዚያ ነበርና።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮምፒውተር በአዲስ አበባ በጥቂት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚገኝ የደመወዝና የሒሳብ መሣሪያ ነበር። በዚያ ዘመን ስለ ኔትወርክ አስተዳዳሪ መናገር አይቻልም፤ ማሽኑ ብቻውን በተዘጋ ክፍል ይቀመጣል፣ ሥራው በካርድ ተበስቶ ይቀርብለታል፣ ውጤቱም በወረቀት ታትሞ ይወጣል። ለውጡ የጀመረው ኮሚሽኑ በ1980 ፓዲስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን የመላ አፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ሲያቋቁም ነው። የፓዲስ የመጀመሪያ ዓላማ በአፍሪካ ልማት ላይ የተጻፉ ሰነዶችን መሰብሰብ፣ መመዝገብና በየአገሩ ለሚገኙ የዕቅድ መሥሪያ ቤቶች ማዳረስ ነበር። ለዚህም ኤችፒ 3000 የተባለ መካከለኛ ኮምፒውተርና የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ያዘጋጀውን፣ ሚኒሲስ የተባለውን የሰነድ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ይጠቀም ነበር። በዚህ ዙሪያ ይሰጥ የነበረው ሥልጠና በአብዛኛው ሰነድ እንዴት እንደሚመዘገብና እንደሚፈለግ የሚያስተምር፣ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የሚበዛበት ነበር። ይሁን እንጂ ፓዲስ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ አደላደለ፤ አንደኛው ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር የተዘረጋ የባለሙያዎች ትውውቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተሰበሰበው መረጃ በፍጥነት መድረስ ካልቻለ መሰብሰቡ ብቻውን ከንቱ መሆኑን በተግባር ማየት ነው። ሰነዱ በማሽን ተመዝግቦ፣ ዝርዝሩ ታትሞ፣ ከዚያም በፖስታ ተልኮ ሳምንታት የሚፈጅ ከሆነ የኮምፒውተሩ ፍጥነት ለማንም አይተርፍም።

መፍትሔው የመጣው ከትልቁ ማሽን ሳይሆን ከትንሹ ነው። በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ ቶም ጄኒንግስ የተባለ ሰው የፈጠረው ፊዶኔት፣ ተራ የግል ኮምፒውተሮችን በተራ የስልክ መስመር እያገናኘ መልእክት የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነበር። አሠራሩ ተቀብሎ፣ አቆይቶ፣ ከዚያ አስተላልፎ በመስጠት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ኖድ የሚባለው እያንዳንዱ ጣቢያ እንደ ፖስታ ቤት ነው። ተጠቃሚው በሞደም ደውሎ ደብዳቤውን ይጥላል፤ ሞደም ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን ዲጂታል ምልክት የስልክ መስመር ሊሸከመው ወደሚችል ድምፅ፣ የመጣውንም ድምፅ መልሶ ወደ ዲጂታል ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ኖዱ ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመውን ደብዳቤ አንድ ላይ አጭቆ ያስቀምጥና በተወሰነ ሰዓት ከሌላው ኖድ ጋር በስልክ ሲገናኝ ያለውን ሰጥቶ የመጣለትን ይቀበላል። ይህ ዘዴ ለአዲስ አበባ በልክ የተሰፋ ያህል ነበር፤ የማያቋርጥ መስመር አይፈልግም፣ የስልክ ጥሪው የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ መስመሩ መሃል ላይ ቢቆረጥም ቀሪው በሚቀጥለው ጥሪ ከቆመበት ይቀጥላል። በዓለም ፊዶኔት አከፋፈል አፍሪካ ዞን 5 የሚል መለያ ተሰጣት።

በዚህ ዘዴ ይሠራ የነበረው የፓዲስ ኖድ ከቀሪው ዓለም ጋር የሚገናኘው በለንደን በሚገኘው ግሪንኔት በተባለ ድርጅት በኩል ነበር፤ ግሪንኔት በ1990 የተመሠረተው ኤፒሲ የተባለው የዓለም አቀፍ ኔትወርኮች ማኅበር አባል ነው። በዚህ ምክንያት የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ የኢሜይል አድራሻ በስተመጨረሻው ፓዲስ ነጥብ ጂኤን ነጥብ ኤፒሲ ነጥብ ኦርግ የሚል ነበር፤ ይህም ማለት ደብዳቤው በአድራሻውም ሆነ በጉዞው መጀመሪያ ለንደን ደርሶ ነው ወደ ባለቤቱ የሚመጣው። አገሪቱ በራሷ ስም የምትጠራበት ነጥብ ኢቲ የተባለው የኢንተርኔት መለያ የተመዘገበው በ1995 ነው፤ ተመዝግቦም ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ጊዜ ወሰደ። ይህ ክፍተት ለታሪክ ጸሐፊ ትርጉም አለው፤ ሰዎቹ ሙያውን የተማሩት አገሪቱ የራሷ አድራሻ ሳይኖራት፣ ሕጉና ተቋሙም ሳይዘጋጅ ነበርና።

የሥልጠናው እውነተኛ መነሻ ከዚህ ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ መጥታ በኮሚሽኑ ስትሠራ የቆየችው ናንሲ ሐፍኪን በ1987 የፓዲስን ኃላፊነት ከተረከበች በኋላ፣ የድርጅቱ ትኩረት ቀስ በቀስ ሰነድ ከማከማቸት ወደ ኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ዞረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካናዳው ምርምር ማዕከል ድጋፍ ካቤካ በሚል አሕጽሮት የሚጠራው፣ በአፍሪካ የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት አቅም ለመገንባት የታለመው ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በፕሮጀክቱ ሥራ ከፍተኛ ድርሻ ከነበራቸው ባለሙያዎች አንዱ ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነትና በተመራማሪነት የታወቀው ኢትዮጵያዊው ሊሻን አዳም ነው። ፕሮጀክቱ ከ20 በላይ በሚሆኑ የአፍሪካ አገሮች ኖድ መትከልን ያለመ ሲሆን፣ ከመሣሪያው ይልቅ ትልቅ ቦታ የሰጠው ኖዱን የሚያስተዳድረውን ሰው ለማሠልጠን ነበር። ይህ ሰው በሙያው አነጋገር ሲስተም ኦፕሬተር፣ ባጭሩ ሲሶፕ ይባል ነበር።

ሲሶፑ ምን እንደሚማር በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም የዛሬው የሰርቨር አስተዳዳሪ ሥራ አጥንቱ እዚያ ውስጥ ይታያል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሞደሙን ካርድ ከሌሎቹ ካርዶች ጋር እንዳይጋጭ አድርጎ ማስገባት ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ካርድ ከማሽኑ አንጎል ጋር የሚነጋገርበትን፣ አይአርኪው የሚባለውን ቁጥር ባለሙያው በእጁ መመደብ ነበረበትና ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም ዝም ይሉ ነበር። ቀጥሎ ሞደሙ በሚያንሾካሹክና በሚቆራረጥ መስመር ላይ እንዲጸና የሚያደርጉትን የትእዛዝ ፊደሎች እየለዋወጠ መሞከር፣ ፍሮንትዶርን የመሰለውን የመልእክት ማስተላለፊያ ሶፍትዌር መጫን፣ በሌሊት ሰው በሌለበት ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ እንዲደውል፣ የመጣውን ፈትቶ በየሳጥኑ እንዲያድል፣ የሚሄደውን እንዲያጭቅ የሚያዙትን ትእዛዞች በቅደም ተከተል የያዘ ባች ፋይል መጻፍ ይማራል። የመጨረሻው ትምህርት ደግሞ ከማሽን ጋር የሚያያዝ አልነበረም፤ ለተጠቃሚ መለያ መክፈት፣ የስልኩን ወጪ ለእያንዳንዱ ማከፋፈል፣ ደብዳቤዬ አልደረሰም ለሚል ሰው የት ላይ እንደቀረ ፈልጎ መመለስ፣ የሰውን ምሥጢር ዐይቶ እንዳላየ መሆን ነው። የአንድ ኖድ ሲሶፕ በቴክኒክ ረገድ የሁሉንም ደብዳቤ መክፈት የሚችል ሰው ስለነበረ፣ የሥነ ምግባሩ ጉዳይ ለሥልጠናው ጌጥ ሳይሆን መሠረት ነበር።

ይህ አሠለጣጠን ያፈራው ባለሙያ ከወረቀት ይልቅ በሥራ የተፈተነ መሆኑ ከፍተኛ ዋጋ አለው። ሠልጣኙ ወደ አገሩ ወይም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ማሽኑም አብሮት ይሄዳል ወይም እዚያው ይጠብቀዋል፤ በማግስቱ ደብዳቤ የሚጠብቁ ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በሩ ላይ ይቆማሉ። የተማረውን የሚረሳበት ጊዜ የለውም። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ የአንድ ኖድ ዕውቀት ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስለሚቀር፣ ሰውየው ሥራ ሲለውጥ ወይም ወደ ውጭ ሲሄድ ኖዱም የመዘጋት አደጋ ይገጥመው ነበር። የአሠራር ሰነድ ጽፎ የማስቀመጥ ልማድ በዚያን ጊዜ አልጎለበተም፤ ይህ ጉድለት ከዚያ ወዲህ በመጡት የአዲስ አበባ የሰርቨር ክፍሎች ሁሉ ውርስ ሆኖ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው።

ከ1995 እስከ 1997 ባሉት ጊዜያት ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ከዩኒቨርሲቲ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች የተውጣጡ ባለሙያዎች ባይት በሚል አሕጽሮት በሚጠራ ኮሚቴ ተሰባስበው ጥናትና ምክክር አካሄዱ። የአፍሪካ ሚኒስትሮች በ1996 በኮሚሽኑ ጉባኤ የአፍሪካን የመረጃ ኅብረተሰብ መርሐ ግብር አጸደቁ። በዚያው ዓመት የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና አገልግሎት ሰጪው ኮርፖሬሽን በአዋጅ ተለያዩ፤ በ1997 መጀመሪያም የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ኢንተርኔት የሚሠራው ቲሲፒ አይፒ በተባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ማሽኖች በምን ዓይነት ሕግ እንደሚነጋገሩ በሚወስነው ስምምነት ሲሆን፣ እዚህ ላይ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ የቁጥር አድራሻ ኖሮት ከሌላው ጋር በዚያው ቅጽበት ይገናኛል። ስለዚህ የፊዶኔት የሌሊት ጥሪና የባች ፋይል ጥበብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገልግሎት ወጣ። ብልሽትን ደረጃ በደረጃ የመፈለግ ብልሃት ግን አላረጀም፤ መስመሩ ነው፣ ሞደሙ ነው፣ ሶፍትዌሩ ነው ወይስ ተጠቃሚው ብሎ አንዱን ከአንዱ እየለየ መሄድን የለመደ ሰው አዲሱን ፕሮቶኮል ለመልመድ አልተቸገረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የቢሮ ሰርቨር ዘመን ነው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 በ1996፣ ዊንዶውስ 2000 ደግሞ በ2000 ገበያ ላይ ሲውሉ፣ በካዛንቺስና በአካባቢው ይገኙ የነበሩ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የንግድ ኩባንያዎችና የመንግሥት ቢሮዎች በየክፍሉ ለየብቻ የቆሙ ኮምፒውተሮቻቸውን ወደ አንድ ማገናኘት ጀመሩ። ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች፣ ኮምፒውተሮችና ማተሚያዎች በአንድ መዝገብ ይዞ የእያንዳንዱን ሥልጣን ከአንድ ቦታ ለመወሰን የሚያስችል አገልግሎት ነው። ከእሱ ጋር ዲኤንኤስን፣ ማለትም ሰው የሚያስታውሰውን ስም ማሽን ወደሚያውቀው የቁጥር አድራሻ የሚመልሰውን አገልግሎት፣ እንዲሁም ለየኮምፒውተሩ አድራሻ በራሱ የሚያድለውን ዲኤችሲፒን ማደራጀት የአስተዳዳሪው የዕለት ሥራ ሆነ። ይህን ሁሉ የሚያስተምረው በዚያን ጊዜ መደበኛ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በፎቅ ላይ የተከራዩ የግል ማሠልጠኛዎች፣ ከአምራች ኩባንያዎቹ የሚመጡ የፈተና መጻሕፍትና አንዱ ባለሙያ ለሌላው የሚያሳየው ልምድ ነበር። የምስክር ወረቀቱ ዋጋ የተወሰነው በአምራቹ ኩባንያ ሲሆን፣ ኤምሲኤስኢ የተባለው የማይክሮሶፍት ማዕረግና ሲሲኤንኤ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ የሲስኮ ማዕረግ በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ እንደ ዲግሪ ይጠየቁ ጀመር።

ሲስኮ ባለሙያ የሚያሠለጥንበትን የኔትወርክ አካዳሚ የጀመረው በ1997 ሲሆን፣ በ2000 በጃፓን ኦኪናዋ ከተካሄደው የኃያላን አገሮች ጉባኤ ጋር ተያይዞ አካዳሚውን በ24 ያላደጉ አገሮች ለመክፈት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያለበት ስምምነት ይፋ ሆነ። በ1999 በኮሚሽኑ ግቢ የተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ልማት ፎረም ርእሰ ጉዳዩን ግሎባላይዜሽንና የመረጃ ዘመን አድርጎ ስለነበር፣ አካዳሚው በዚያው ግቢ ሲከፈት መሬቱ የተዘጋጀ ነበር። በግቢው የነበረው አካዳሚ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሴቶችን ለይቶ ማሠልጠኑ በሙያው ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ነው። የኬብል መጎተቻ፣ የመቁረጫና የመጭመቂያ መሣሪያ የያዘ ሰው ወንድ ብቻ ነው በሚባልበት ዘመን፣ ሴቶች ራውተር የሚባለውን፣ መረጃ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚመርጠውን መሣሪያ ከባዶ ጀምረው አዘጋጅተው ሲያስነሡ መታየታቸው ከትምህርቱ ይዘት ያላነሰ ውጤት ነበረው። የናንሲ ሐፍኪን የኋላ ጽሑፎች በሴቶችና በመረጃ ቴክኖሎጂ ላይ ማተኮራቸውም ከዚህ አካባቢ ልምድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2012 የኢንተርኔት የዝና አዳራሽ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ እሷ ነበረች።

በመንግሥት በኩል ትልቁ የባለሙያ ፍላጎት የመጣው ከወረዳ ኔት ነው። ወረዳ ኔት በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ተጀምሮ ከ500 በላይ ወረዳዎችን በአብዛኛው በሳተላይት መቀበያ ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ያገናኘ፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ የድምፅና የኢንተርኔት አገልግሎት እንዲሰጥ የታሰበ ሥርዓት ነበር። ማሽኑ በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ሲተከል፣ የሚያስተዳድረው ሰው ግን በዚያ ፍጥነት ሊፈጠር አልቻለም፤ ብዙ ወረዳ ላይ የተላከው ባለሙያ በአጭር ሥልጠና የተዘጋጀ ስለነበረ ከበድ ያለ ብልሽት ሲገጥም ዕቃው ተቆልፎ ከአዲስ አበባ ሰው መጠበቅ ግድ ይሆን ነበር። ፓዲስ ከሰው ተነሥቶ ወደ ማሽን ሲሄድ፣ ይህ ፕሮጀክት ከማሽን ተነሥቶ ወደ ሰው መሄዱ የሁለቱ ልዩነት ነው።

በካዛንቺስ በኩል ደግሞ ሙያውን ያጠበቀው የባንክ ሥራ ነው። ዘመን ባንክ በ2008 ሥራ ሲጀምር ዋና መሥሪያ ቤቱን ካዛንቺስ፣ ጆሲፕ ቲቶ መንገድ ላይ አድርጎ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ከመክፈት ይልቅ በአንድ ቅርንጫፍ፣ በክፍያ ማሽን፣ በስልክና በኢንተርኔት ደንበኛ ለማገልገል ተነሣ። ብዙ ቅርንጫፍ የሌለው ባንክ ሰርቨሩ ሲቆም በሩ ይዘጋል፤ ስለዚህ አስተዳዳሪው ከመብራት መቆራረጥ ጀምሮ እስከ ዲስክ ብልሽት ድረስ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የመብራት መጥፋትን ለጥቂት ደቂቃ የሚሸፍነው ዩፒኤስ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ጄኔሬተር፣ አንድ ዲስክ ቢሞት መረጃው በሌሎቹ ላይ እንዲተርፍ የሚያደርገው ሬይድ የተባለው አደረጃጀት፣ በሌላ ሕንፃ የሚቀመጠው ቅጂ፣ ቅጂው በእርግጥ መነበብ የሚችል መሆኑን በየጊዜው መፈተን፣ እነዚህ ሁሉ በመጽሐፍ ውስጥ በጥቂት ገጾች የሚያልፉ፣ በአዲስ አበባ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ግን የሙያው ግማሽ የሆኑ ጉዳዮች ናቸው። ለሌላ አገር የተጻፈው መማሪያ መብራት አለ ብሎ ይጀምራል፤ የዚህ ከተማ ባለሙያ መብራት የለም ብሎ መጀመርን ከሥራ ላይ ተማረ።

መንግሥት ሙያውን ወደ መደበኛ ሥርዓት ያስገባው በቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና በኩል ነው። የ2008ቱ አገር አቀፍ ስትራቴጂ ሥልጠናው ከሥርዓተ ትምህርት ይልቅ በሙያ ደረጃ እንዲመራ ወሰነ፤ የሙያ ደረጃ ማለት ባለሙያው ሥራው ላይ ምን መሥራት እንደሚችል የሚዘረዝር ሰነድ ነው። በዚህ መሠረት ሀርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ የተባለው ዘርፍ በደረጃ ተከፋፍሎ፣ የኔትወርክ ችግር መለየትና መፍታት፣ የገመድ አልባ ኔትወርክ መዘርጋት፣ ሰርቨር ማዋቀርና ማስተዳደር፣ የሥርዓትና የኔትወርክ ደኅንነት መከታተል፣ የቴክኒክ ሰነድ ማዘጋጀት የሚሉ የብቃት አሃዶች ተደነገጉለት። ከፓዲስ ዘመን ጉድለቶች አንዱ የነበረው የአሠራር ሰነድ ራሱን ችሎ እንደ ብቃት መቆጠሩ ትልቅ እርምጃ ነው። ሠልጣኙ ሲጨርስ ካሠለጠነው ተቋም ውጪ በሆነ አካል በንድፈ ሐሳብና በተግባር ተመዝኖ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ይወስዳል።

የሰነዱ ጥራት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ችግሩ የተገለጠው በአፈጻጸሙ ነው። ሥርዓቱ የትብብር ሥልጠና የሚባለውን መርሕ ይከተላል፤ በዚህ መርሕ ከጊዜው 70 በመቶ ያህሉ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶ ያህሉ በማሠልጠኛው እንዲሆን ይጠበቃል። በብረታ ብረት ወይም በልብስ ስፌት ተለማማጁ ቢሳሳት የሚበላሸው አንድ ዕቃ ነው፤ በሰርቨር ግን አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ ሥራ ያቆማል። በዚህ ምክንያት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተለማማጅ ቢቀበሉም የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍም ሆነ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አይሰጡትም፤ ኬብል ይጎትታል፣ ማተሚያ ያስተካክላል፣ ፀረ ቫይረስ ይጭናል፣ ጊዜውም ያልቃል። ይህ ጥንቃቄ ከአሠሪው ወገን ሲታይ ተገቢ ነው፤ ከሙያው ወገን ሲታይ ግን ለሲሶፑ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው አደራ ለዛሬው ሠልጣኝ እስከ መጨረሻው ቀን አለመሰጠቱ ነው። ኮሌጆቹ ክፍተቱን ለመሙላት የሚጠቀሙት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ምናባዊ ሰርቨሮችን ለማስነሣት የሚያስችለውን ቨርቹዋል ማሽንና ፓኬት ትሬሰር የተባለውን የሲስኮ ማስመሰያ ነው። በእነዚህ ላይ ሠልጣኙ ያለ ፍርሃት አሥር ጊዜ አጥፍቶ አሥር ጊዜ መሥራት ይችላል፤ ይህም በአይአርኪው ዘመን የማይታሰብ ጸጋ ነው። የማይገኘው በስልክ የሚጮህ ተጠቃሚ፣ ማን ምን እንደቀየረ የማይታወቅበት አሮጌ ኔትወርክና ማታ በሁለት ሰዓት ዛሬውኑ መነሣት ያለበት ማሽን ነው፤ ብቃት የሚባለው ግን በአብዛኛው የሚለየው በእነዚህ ፊት ነው። በተጨማሪም የብቃት አሃዶቹም ፈተናዎቹም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆኑ መምህሩ የሚያስረዳው በአማርኛ ነው፤ ተማሪው ማሽኑ ላይ የሚነበበውን የስሕተት መልእክት በቃሉ ይዞ ትርጉሙን ሳያውቅ የሚወጣበት አጋጣሚ ቀላል አይደለም፤ በአማርኛ የተደራጀ የሰርቨር አስተዳደር መማሪያ ቢኖር ይህን ችግር ብዙ ያቃልለው ነበር።

ከ2010 ወዲህ ያለው ለውጥ ሰርቨሩን ራሱን ከሰፈሩ እያራቀው ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ በ2010 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ እንደገና ተደራጀ፤ በ2022 ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር በዘርፉ ለረጅም ዘመን የቆየው የአንድ ድርጅት ብቸኛ አቅራቢነት አበቃ። በየቢሮው ጥግ አየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት ይቀመጥ የነበረው ሰርቨር ወደ ትልልቅ የዳታ ማዕከላት ወይም ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኪራይ በኔትወርክ በኩል ወደሚገኝ የሌላ ሰው ማሽን እየተዛወረ ሲሆን፣ የአስተዳዳሪውም ሥራ ከመፍቻና ከኬብል ወደ ውቅርና ወደ ደኅንነት ቁጥጥር እየተሸጋገረ ነው። በ2024 በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ፣ በዚያ የነበሩ ትንንሽ ቢሮዎች ከነኬብላቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ።

በሥልጠናው በኩል ደግሞ በዚያው በ2024 ሐምሌ ላይ ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ይፋ አድርጋለች። ሥልጠናው በኢንተርኔት የሚሰጥ ሲሆን፣ በፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ዕውቀት፣ በዳታ ትንተና፣ በአንድሮይድ ልማትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ያተኩራል። ለብዙ ወጣቶች በር መክፈቱ አያጠያይቅም። ሰርቨር መትከልና ማስተዳደር ግን ከትምህርቶቹ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ኮደሮቹ የሚጽፉት ፕሮግራም ሁሉ የሚነሣበትን ማሽን የሚጠብቀው ሰው አሁንም የሚሠለጥነው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በአምራች ኩባንያዎች የምስክር ወረቀትና የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ሊያካፍሉት በፈቀዱ ጥቂት ባለሙያዎች እጅ ነው።